የጎንደር ሰፈሮች ታሪክና የስምንት ዓመት ስሕተት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጎንደር የሃይማኖት ታሪክ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከ44ቱ ታቦት አያልፉም። ከተማዋ ግን የሙስሊም ነጋዴዎች አዲስ ዓለም፣ የቤተ እስራኤል ግንበኞች ካይላ ሜዳ፣ የጳጳሱ አቡን ቤት፣ ሸሽቶ የገባ የማይነካበት፣ የመነኮሳት አለቃው የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤትም ነበራት። እነዚህን መዝለል የከተማይቱን ታሪክ ግማሹን መጣል ነው።

ሰፈሮቹ ተለያይተው እንዲኖሩ የወሰነው በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ነው። ካቶሊካውያን እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ያዘዘውም እሱ ነው። ዘመኑ ሲጠቀስ ግን «በ1668 ዓ.ም.» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። 1668 የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ በእኛ 1660 ወይም 1661 ይሆናል።

ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ዓመቶቻችን በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ይጠራሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለ4 አካፍሉ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1660 ሲደመር 7160 ይሆናል፤ ሲካፈል አይተርፍም፣ ዘመነ ዮሐንስ። 1661 ዘመነ ማቴዎስ ነው። ዘመኑን የመዘገበው ብራና ወንጌላዊውን ከጠቀሰ ሁለቱን ዓመታት ይለይላችኋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ስሕተቱ 7 ዓመት ከሆነ ወንጌላዊው ያጋልጠዋል። 8 ከሆነ ግን ዑደቱ ሁለት ጊዜ ዞሮ እዚያው ስለሚገጥም አያጋልጥም፤ 1668 ዓ.ም.ም ዘመነ ዮሐንስ ነው። ያኔ የሚረዳው የሳምንቱ ቀን ነው፤ በ8 ዓመት ውስጥ ያው ወርና ቀን በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀን ወደፊት ይሄዳል፤ ሰኞ የነበረው ሐሙስ ይውላል። ንጉሡና የደብሩ አለቃም ከተጠቀሱ አብሮ ማስተያየት ነው።

የሰፈሮቹን ነዋሪ በስም የሚነግረን በደብር መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈው የሪም መሬት (ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠ መሬት) የሽያጭ ውል ነው። ሻጭና ገዢ፣ ዋጋው በወርቅ ወይም በጨው፣ ዋስና እማኝ እዚያ አሉ። እነዚህን ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች የሚያበላሹት ውሉን ብቻ ቆርጠው በማንሳት ነው፤ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከየትኛው ቅጠል ፊት ወይም ጀርባ እንደሆነ ካልታወቀ ለታሪክ አይጠቅምም። መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ቀጥሎ ሙሉውን ገጽ፣ ከዚያ ኅዳጉን በቅርብ አንሱ። ፍላሽ ይጥፋ፣ ጥራዙ ያለ ልክ አይከፈት፣ የደበዘዘ ቀለም በውኃ አይነካ።

ፍለጋው በጎንደር ብቻ አያልቅም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. ከከተማይቱ አድባራት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት መቅደላ ገቡ፤ እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት ውስጥ 350 ያህሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ የጎንደር ውሎችም አብረዋቸው ሄደዋል።

ጋዜጣችሁ ይህን ዓይነት ጽሑፍ ሲያወጣ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ጸሐፊው እንዲያመለክት ብትጠይቁልን እናመሰግናለን።

የጎንደር ታሪክ ተከታታዮች