ሐሳብ ሲመጣ አትታገሉት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ካለፈው የማሰላሰል (ሜዲቴሽን) ልምምድ በኋላ ብዙዎቻችሁ «ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ፣ አልቻልኩበትም» ብላችሁኛል። ኧረ ችላችሁበታል! ልምምዱ ሐሳባችሁ መበተኑን ያወቃችሁባት ቅጽበት ናት። እኔ ራሴ ትናንት ዓይኔን ጨፍኜ ገና በሦስተኛው ትንፋሽ ያልመለስኩት ስልክ ትዝ አለኝ፤ ወዲያው ይቅርታ መደርደር ጀመርኩ። ልብ ስል ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። በልቤ «ማቀድ» ብዬ ስም ሰጠሁትና አየሩ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቀዝቀዝ፣ ሲወጣ ሞቅ ወደሚልበት ቦታ ተመለስኩ። አልተሟገትኩትም (ሙግቱም ያው ሐሳብ ነው)።

አሜሪካዊው የማሰላሰል አስተማሪ ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሥልጠና 8 ሳምንት ይፈጃል፤ እኛ ገና ሁለተኛው ላይ ነን፣ አትቸኩሉ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ከባድ ትዝታ ከበረታባችሁ ግን ዓይናችሁን ግለጡ፣ የእግራችሁን መሬት መንካት አስተውሉ፤ ካስፈለገም አቋርጡ።