ማህተም የሌላቸው የቀፊራ እናቶችና የአፓረንት ልጆቻችን

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በገበያ መደብ ላይ የሚሰጥ የአፓረንት (የሥራ ላይ ልምምድ) ሥልጠና እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአይሲቲ አሠልጣኝ ነኝ። ሠልጣኞችን አፓረንት መመደብ፣ ባሉበት እየዞርኩ ማየት፣ ሎግ ቡካቸውን፣ ማለትም በየቀኑ የሠሩትን የሚመዘግቡበትን ደብተር፣ መገምገም ከሥራዬ አንዱ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ የሁለት ሠልጣኞቼ ሎግ ቡክ ማህተም አጥቶ ስለቆመ ነው። የእነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮሌጃችን ውስጥ እንጨርሰው ነበር።

ሁለቱ ልጆች፣ አንዷ ከሃርድዌርና ኔትወርክ፣ ሌላዋ ከአካውንቲንግ፣ መጀመሪያ የተመደቡት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያነሱና ፋይል ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱ ቆዩ። ኮምፒውተር መንካት አልተፈቀደላቸውም። ላያቸው ስሄድ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ሎግ ቡካቸውን ብገልጠው በየቀኑ ተፈርሞበታል፣ ማህተሙም ደምቆ ተመትቷል። ሥራው ምን ይላል? «የኔትወርክ ጥገና»። ልጆቹ ገጹን ሲያሳዩኝ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

«ሰፈራችን እንሥራ» ብለው የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። የአንደኛዋ እናት ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገዢው በስልክ ልክፈል ማለቱን ስለለመደ፣ እምቢ ያለ ነጋዴ ደንበኛ ያጣል። ችግሩ ብዙዎቹ እናቶች ፊደል አልቆጠሩም፣ የያዙትም ባለቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ ስልኩን ለሰፈር ልጅ ይሰጣሉ፤ የሚስጥር ቁጥራቸውን የሚያውቀው እሱ ነው። ገዢው ደግሞ የራሱን ስልክ ወደ ፊታቸው ይዘረጋና «ይኸው ልኬያለሁ» ይላል። እናቶቹ ማንበብ አይችሉም፤ ዕቃውን ያስረክባሉ። ማታ ሲታይ የገባ ብር የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ለማየት ቀፊራ ሄድኩ። የሃርድዌሯ ልጅ ከአንዲት እናት ጎን ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። የቴሌብሩ *127# እንዴት እንደሚደወል፣ ቋንቋው እንዴት እንደሚመረጥ አሳየቻቸው። ቁጥር ያውቃሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ብር የቆጠሩ ሰው ናቸው። የሚስጥር ቁጥሩን መቀየር ላይ ሲደርሱ ስልኩን በእጃቸው አስያዘቻቸውና ጀርባዋን ሰጥታ ዞረች። «እናቴ፣ እኔ አላይም። ብቻሽን ንኪው። ለኔም እንዳትነግሪኝ» አለቻቸው። (የድሬ ልጅ አንቱ አይልም፤ ከፍቅር እንጂ ከንቀት አይደለም።) ሴትዮዋ ዘለግ ላለ ጊዜ ስልኩ ላይ አቀረቀሩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ልጅቷ ዞር ብላ አላየችም። በሦስተኛው ተሳካላቸው። ከዚያ ከሳሙና ካርቶን ቀድዳ የቁልፎቹን ቅደም ተከተል ጻፈችላቸው፤ ቀሪ ሒሳብ የሚታይበት ላይ የቦርሳ ሥዕል ሣለችበት። ካርቶኑ ዛሬም ከሸራቸው ምሰሶ ጋር ታስሮ አለ። ገዢ «ልኬያለሁ» ሲላቸው የእሱን ስልክ አያዩም፤ ቦርሳውን በራሳቸው ስልክ ይከፍታሉ።

ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው ሳስተምር። መረጃን ስለመጠበቅ በክፍል ውስጥ ካስተማርኩት ሁሉ፣ ያቺ ልጅ ጀርባዋን ያዞረችበት ደቂቃ ይበልጣል።

የአካውንቲንጓ ልጅ ሥራ ከዚህም የሚብስ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ነጋዴዋ ትርፍ የሚሉት ማታ ከመቀነታቸው የሚፈቱትን ብር ነው። የጫኝና አውራጁ፣ የባጃጁ፣ ከሣጥኑ ሥር የበሰበሰው፣ ለቤት ወጥ የሄደው ቲማቲም አይቆጠርም። ልጅቷ ደብተር አምጥታ በመስመር ብቻ አስጀመረቻቸው፤ ሣጥን ሲገባ ወደ ታች መስመር፣ የተበላሸ ሲጣል የተጋደመ መስመር፣ ዱቤ ሲሰጥ ክብ። በሁለተኛው ሳምንት ቁጭ ብለው ሲያሰሉ ሴትዮዋ «አቦ! ለካ ቲማቲሙን ሲቀልበው የኖረው ሽንኩርቱ ነው!» አሉ። አሁን ቲማቲም የሚያስወርዱት በግማሽ ነው። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለግብር የተሠራው የቀን ገቢ ግምት ያስነሣውን ቅሬታ የማያስታውስ ነጋዴ የለም፤ መዝገብ ያልያዘ ሰው ግምቱን የሚሞግትበት ምንም የለውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሎግ ቡክ ላይ ዜሮ ነው። የትብብር ሥልጠና የሚፈልገው ድርጅት ነው፤ ድርጅት ማለት የመግባቢያ ሰነድ የሚፈርም፣ ማህተም ያለው ነው። የቀፊራዋ እናት ማህተም የላቸውም። ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም ይሁን ስንል የሥራ ቦታ የምንለው ማህተም ያለበትን ብቻ ከሆነ፣ ብዙ የከተማችን ሰው የሚሠራበት ቦታ ከነጭራሹ የሥራ ቦታ አይደለም ማለት ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። እኛ አሠልጣኞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት እንድንሰጥ ግዴታ አለብን፤ የቴክኒክ ክህሎት፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ካይዘን (አሠራርን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል) እና ቴክኖሎጂ፣ አራቱንም። ልጆቹ በመደቡ ላይ የሰጡት ይኸንኑ ነው። ግን ኤክስቴንሽኑም የሚደርሰው ለተደራጀና ለተመዘገበ ኢንተርፕራይዝ ነው፤ ጉሊት ቸርቻሪዋ እዚያም የሉም።

ቋንቋውንም አስቡት። ቀፊራ ላይ በአማርኛ የጀመረ ዋጋ ክርክር በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማልኛ ያልቃል፤ ልጆቻችን ሦስቱንም ከሰፈር ይዘው ያደጉ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚላክ ባለሙያ ይህን አያገኘውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ዘመኑ የቱንም ያህል የከፋ ቢሆን፣ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረውና ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘው ተማሪዎችን ይዞ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ላይም ልጆቻችን ተመዝግበዋል፣ ሰርተፍኬት የያዙም አሉ። ደስ ይለኛል። ሰርተፍኬቱን ይዘው ወዴት እንሂድ ሲሉኝ ግን ወደዚያ ኮሪደር መልሼ ልልካቸው አልችልም።

የምለምናችሁ በአፓረንት መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ ነው። ሠልጣኝ በሙያው ያልተመዘገቡ ነጋዴዎችን ሲያስተምር እንደ ሥራ ቦታ ይቆጠርለት፤ ማህተሙን በየአካባቢው ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይምታ፣ አሠልጣኙም በቦታው ተገኝቶ ይፈርም። የባጃጅና የምሳ ወጪ ይታሰብላቸው፤ ሁለቱ ልጆች በዚያ ሐሩር ከሳቢያን ሰፈር ቀፊራ በእግራቸው የሚመላለሱበት ቀን ብዙ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን መታወቂያ። አጭበርባሪው «ከቴሌ ነው» «ከባንክ ነው» እያለ በሚደውልበት ጊዜ፣ «ስልክሽን ላሳይሽ» የሚል ወጣት ወደ ገበያ ስንልክ ፎቶና ስልክ ቁጥር ያለበት ባጅ አንገቱ ላይ ሊኖር ይገባል። የማንንም የሚስጥር ቁጥር የጠየቀ ሠልጣኝ በዚያው ቀን እንዲሰናበት መመሪያው በግልጽ ይጻፈው። ነጋዴዎቹም ይህን ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ይስሙት። ይህ ካልተሟላ፣ የጠየቅሁት ሌላው ሁሉ ቢቀር እመርጣለሁ።

የልጆቹ የብቃት ምዘና እየደረሰ ነው። የቀፊራ ገጾቻቸውን እኔ ፈርሜባቸዋለሁ፤ የማህተሙ ቦታ ባዶ ነው። መልሳችሁ እስኪመጣ ሁለቱም ሎግ ቡኮች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ
ድሬዳዋ