የአርጁና ቅርፊት ያለ ልክ እየተጠጣ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር በምሠራበት መድኃኒት ቤት ቀላ ያለ የዛፍ ቅርፊት ዱቄት በፌስታል ቋጥረው እየመጡ «ይህን እንዴት ልውሰደው?» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ዱቄቱ አርጁና ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ለሕክምና ሕንድ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ለራሱ ካመጣው ቀንሶ የሰጣቸው ነው። አብሮት የመጣው መመሪያ ግን «ለልብ ጥሩ ነው፣ በወተት አፍልተህ ጠጣ» ከሚለው አያልፍም፤ መጠኑ፣ አፈላሉና ማን መውሰድ እንደሌለበት የሚናገረው ክፍል መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ቅርፊቱን ለማጣጣል አይደለም። የመጣበት፣ አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ራሱ ልክ አበጅቶለት ሳለ ያለ ልክ መጠጣቱ፣ በተለይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው፣ አደገኛ መሆኑን አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አርጁና በሕንድ በወንዞች ዳር የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። የውጪው ቅርፊት ለስላሳና ግራጫ፣ የውስጡ ደግሞ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። በዕፅዋት ምድብ ተርሚናሊያ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ እኛ ወይባ፣ በአንዳንድ አካባቢም አባሎ የምንለው፣ እናቶች ለጢስ የሚጠቀሙበት ዛፍም የዚሁ ወገን ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች «እንግዲያውስ የሀገራችንን ቅርፊት ልጠን ብናፈላ ምን አለበት?» ይላሉ። ዛፎቹ ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ቢሆንም ዝርያቸው የተለያየ ስለሆነ ለአንዱ የተነገረው መጠን ለሌላው አይሠራም፤ በዚያ ላይ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደርቆ ይቀራል። በሕንድ ገበያም ቢሆን የሌሎች ተርሚናሊያዎች ቅርፊት በአርጁና ስም ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። አንዴ ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ የሚገዛ ሰው ያልተፈጨውን ቅርፊት፣ ካልሆነም የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ በግልጽ የተጻፈበትን እሽግ ይምረጥ።

አፈላሉን በተመለከተ በአዩርቬዳ የታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ክዋታ የሚባለው፣ በውሃ ብቻ የሚዘጋጀው ነው፤ ሸካራ ተደርጎ የተወቀጠ አንድ እጅ ቅርፊት በ16 እጅ ውሃ ተጥዶ፣ ውሃው ሩቡ ብቻ እስኪቀር ድረስ በዝግታ ይፈላል። 5 ግራም ቅርፊት በ80 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢጣድ የሚጠጣው 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የቡና ሲኒ ሩብ ገደማ ነው። ሁለተኛው ለልብ የሚመረጠው የወተት አፈላል፣ ክሺራፓካ ይባላል። ለአንድ እጅ ቅርፊት 8 እጅ ወተትና 32 እጅ ውሃ ተደርጎ፣ ውሃው ተንኖ የወተቱ ያህል ብቻ እስኪቀር ይፈላል፤ ለ5 ግራም ቅርፊት 40 ሚሊ ሊትር ወተትና 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሁለቱም በንጹሕ ጨርቅ ተጠልለው ለብ እንዳሉ ይጠጣሉ። የሕንድ የአዩርቬዳ ፋርማኮፒያ፣ ማለትም የመድኃኒቶች መመዘኛ መጽሐፍ፣ ለወተት አፈላሉ ያስቀመጠው መጠን ከ3 እስከ 6 ግራም ዱቄት ነው። በሾርባ ማንኪያ ሞልተው በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ስንት እጥፍ እየጠጡ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። በቤት ውስጥ ግራም የሚለካ ሚዛን ያለው ሰው ጥቂት ነውና፣ ወደ መድኃኒት ቤት ይዞ መጥቶ ማስመዘን ነውር የለበትም።

ልብ ሊባል የሚገባው አፈላሉ የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በሚቀረው ፈሳሽ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከቆላማ ከተማ የመጣ «ይህን ያህል ደቂቃ አፍሉት» የሚል ምክር እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ቅርፊቱ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ስላለው ከተራ ብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ስለዚህ በሸክላ ወይም በማይዝግ ብረት ድስት፣ ሳይከደን፣ በመጠነኛ እሳት ይፈላ። የዕለቱ በዕለቱ ይጠጣ፤ በከተማችን ሙቀት ያደረ ፈሳሽ አይታመንም።

የጾም ነገርም ይጠየቃል። ጾመኞች ወተቱን ትተው በውሃ ሲያፈሉት ከሥርዓቱ አልወጡም፣ ክዋታው አለላቸውና። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆይተው ይህን አፍ የሚያኮማትር ፈሳሽ ባዶ ሆዳቸው ላይ መድፋታቸው ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ የጨጓራ ሕመምና የሆድ ድርቀት ሊያስከትል ይችላል። መጀመሪያ እህል ይቅመሱ።

ዋናው ሥጋቴ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቃል። በሀገራችን የልብ ሕመምተኞች መካከል የልብ በርን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ሕመሙ እንዳይብስ የሚጠብቃቸው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ቅርፊቱ «ለልብ ነው» ስለተባለ መርፌውን የሚያቋርጥ ሰው፣ የተበላሸ የልብ በርን ፈጽሞ የማይጠግን ነገር ይዞ በእርግጥ የሚከላከልለትን ጣለ ማለት ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ኪኒን የሚወስዱት ደግሞ ደማቸው እንዳይረጋ በጠባብ ልክ የተመጠነላቸው ናቸው። የአርጁና ቅርፊት በላቦራቶሪ ጥናት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ሥራ እንደሚቀንስና መድኃኒት የሚያብላሉ የጉበት ኢንዛይሞችን እንደሚገታ ስለታየ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት አደጋ ሊመጣ ይችላል። የግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድበት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድም ስኳሩ ሊያንስበት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ባይነኩት ይሻላል፤ ታኒኑ ብረት በአንጀት እንዳይመጠጥ ስለሚያግድ፣ የደም ማነስ ኪኒን የሚወስድ ማንኛውም ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሊያራርቀው ይገባል። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰውም አስቀድሞ አቁሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ጥቅሙ ምን ያህል ተረጋግጧል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕንድ የታተመ አንድ ጥናት አለ። 100 የልብ ድካም ሕሙማን ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር ለ12 ሳምንታት የአርጁና ቅርፊት ጭማቂ ወይም መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ እንዲወስዱ ተደርጎ፣ የልብ ደም የመግፋት አቅም አልተሻሻለም፤ አንዳንዶቹ ግን የሕመም ስሜታቸው ቀለል ብሏል። ሕሙማኑ ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ መሆኑን አስምሩበት። ሌላው የእሽጉ ንጽሕና ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን ከተማ አካባቢ በሚገኙ ሱቆች ከተሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እነዚያ ምርቶች የአርጁና ቅርፊት ብቻ አልነበሩም፤ ነገር ግን አምራቹ በማይታወቅ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ሊምል አይችልም።

«ዕፅ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን መልስ ከጣና ዳር ሰው ስሰማ ይገርመኛል። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የሚያሰክሩ ሰዎች ያሉት እዚሁ እኛው ዘንድ ነው። ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዓይን እንደሚያጠፋም አያቶቻችን ያውቁ ነበርና፣ ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለደካማ እንዲሁ አይሰጡም ነበር።

ቅርፊቱን ጠጥቶ የደም መፍሰስ፣ ማዞር፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን የታየበት ሰው ወዲያውኑ አቁሞ፣ የተረፈውን ዱቄት ከነእሽጉ ይዞ ክትትል ወደሚያደርግበት ጤና ተቋም ይሂድ። ባለሙያውም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለጎንዮሽ ጉዳት ባዘጋጀው ቢጫ ቅጽ ላይ እንዲመዘግብለት ይጠይቅ። የሥራ ባልደረቦቼንም አንድ ነገር ልለምን፦ ታካሚ ዕፅ እንደሚጠጣ ሲነግራችሁ አትቆጡት፤ የተቆጣችሁት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ደብቆ ይጠጣል።

ጋዜጣችሁም በጤና ዓምዱ ስለ ባህል መድኃኒቶች በሚጽፍበት ጊዜ፣ ከየዕፁ ጥቅም ጎን የመጠኑን ልክና የሚጋጭባቸውን ኪኒኖች በዚያው ገጽ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር