ያበጠ ጉንጭ ጥርስ ለመንቀል አይከለክልም

ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣ ባሕር ዳር

«እብጠቱ ሳይጎድል ጥርሱ አይነቀልም» የሚለው አባባል ሕፃናትን እየጎዳ ስለሆነ ይህን ጽፈናል። ወላጅ አሞክሳሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ጥርሱ ይረሳል፤ ከዚያ መግሉ ተመልሶ ይቋጥራል። የሞተው የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ደም አይደርሰውም፤ በደም የሚጓዘው መድኃኒትም እንዲሁ። ሕመሙ የሚድነው ጥርሱ ሲነቀል ወይም ሥሩ ሲታከም፣ መግሉም ተከፍቶ ሲወጣ ነው። ማደንዘዣ ባበጠ ቦታ በደንብ አለመሥራቱ እውነት ነው፤ ግን መርፌውን ከእብጠቱ ራቅ አድርጎ መውጋት ይቻላል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ማለትም አያዋጣም፤ ከሥሩ ቋሚው ጥርስ እያደገ ነው።

ትኩሳት ሳይኖረው ድዱ ላይ ብቻ የቋጠረ ልጅ፣ ጥርሱ ከታከመ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። እብጠቱ ወደ ልጁ ፊት ከተስፋፋ ወይም ካተኮሰው የመጀመሪያው ምርጫ አሞክሳሲሊን ነው፤ መጠኑም በኪሎ ይሰላል። ሐኪሙ በኪሎ በቀን 50 ሚሊግራም ካዘዘ፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 750፣ ማለትም በየ8 ሰዓቱ 250 ሚሊግራም ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሽሮፑ በሁለት ዓይነት ጥንካሬ ይሸጣል፦ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ካለው 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ 125 ካለው ግን 10 ያስፈልጋል። ጠርሙሱን ሳያነቡ «አንድ ማንኪያ» ያሉት እንደሆነ ልጁ ግማሹን ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ጥርሱ በጊዜ ከተነቀለ ብዙውን ጊዜ 3 ቀን ይበቃል፤ ካልተነቀለ 5።

ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት አየር በሌለበት የሚራቡትን ባክቴሪያዎች ቢገድልም ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ አይነካም፤ ስለዚህ ብቻውን አይሰጥ። ቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቋሚ ጥርሶቹን ያበልዛል። ፔኒሲሊን (አሞክሳሲሊንም ከዚሁ ወገን ነው) ወስዶ ወዲያው ከንፈሩ ላበጠ ወይም ትንፋሽ ላጠረው ልጅ አዚትሮማይሲን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ተቅማጥ ብቻውን ግን አለርጂ አይደለም።

አፉን መክፈት ያቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት ልሃጩ የሚዝረበረብ፣ ከአገጩ ሥር ጠንካራ እብጠት የወጣበት ወይም ዓይኑ የተደፈነ ልጅ ሽሮፕ ተይዞለት ቤት አይዋል፤ የመተንፈሻ ቧንቧው ሊዘጋ ይችላል። ከጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት የሚመጣም ቢሆን የነገውን ጀልባ አይጠብቅ። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል፤ አየር የማይፈልጉትን ባክቴሪያዎች በደንብ ስለማይሸፍን ሜትሮኒዳዞል ይታከልበታል። በ48 ሰዓት ካልተሻለው መድኃኒት ከመቀያየር በፊት ያልወጣ መግል ይፈለግ።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ጠርሙሱ ላይ የሚወሰደውን መጠን በሚሊ ሊትር ጻፉ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ጨምራችሁ ስጡ። ጉንጩ ያበጠ ልጅ የያዘችን እናት የጥርስ ሐኪም ጋ ዛሬውኑ እንድትሄድ ሳትነግሩ አትሸኟት።

የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር