የአያትሽን በርጩማ ቫርኒሽ እንዳታስቀቢው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ቡና ልካልሻለች፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል።

በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የአያትሽን በርጩማ አስፍቀሽ ቫርኒሽ ልታስቀቢው ነው አይደል? ተይ ልጄ። ዕድሜዬን እንጨት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ስሚኝ።

እስቲ ገልብጠሽ እዪው። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። እግሩ ሦስት የሆነውም በምክንያት ነው። የድሮ ቤት ወለል አፈር ነው፤ ወጣ ገባ ይበዛዋል። አራት እግር እዚያ ላይ ይወዛወዛል። ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ ሦስቱም መሬት ይረግጣሉ።

ከሥሩ በጣትሽ ዳብሺው። የጠራቢውን ምት ታገኚዋለሽ፤ አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ሳሳ ያለ ነው። ላዩ ደግሞ እንደ መስታወት ልሟል። ያላመው ብርጭቆ ወረቀት አይደለም፤ የሰው መቀመጥ፣ የእጅ ወዝና የምድጃ ጭስ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው፤ ዋጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዴ ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም። አዲሱን ቀለም ቀብተው አሮጌ የሚያስመስሉም አሉ። የዚያ ጥቁረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ያንቺው ግን እጅ የሚይዘው ጠርዝ ላይ ያበራል፣ እጅ የማይደርስበት ጋ ይደበዝዛል።

ከሶፋዬ ጋር አይሄድም ብለሻል። የሶፋሽ ጠመዝማዛ እግርና ወርቃማ ቅርጽ በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 15ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1715 እስከ 1774፣ የገነነ ስልት ነው። ቆንጆ ስልት ነው፤ አልንቀውም። ግን ያንቺው የፋብሪካ ቅጂ ነው። ሳሎንሽ ውስጥ ያለው ኦርጅናል በርጩማው ነው። አጠገቡ አስቀምጪውና እዪ፣ ያምርበታል።

ለጽዳቱ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ከመስኮት ፀሐይ አርቂው፣ ይሰነጠቃል። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች የድሮ ነቀዝ የበላቸው ናቸው፣ አይዞሽ። ብቻ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፊ። ከሰነበተ በኋላ ዱቄት ከረገፈበት ነቀዙ አልሞተም ማለት ነው፤ ቶሎ ደውዪልኝ።

ውጭ አገር ልውሰደው ላለችሽ ጓደኛሽ ደግሞ አይሆንም በያት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ለበዓል ስትመጪ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናያለን። ሙዚየሙም አለ፤ የእሳቸው ዕቃዎች እዚያ ናቸው። በልጅነትሽ ስወስድሽ ለእንጨቱ ሥራ ደንታ አልነበረሽም። አሁን አንድ በአንድ አሳይሻለሁ።

የበርጩማውን ሥር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ
ጅማ