አንተ፣ አንቺ ወይስ እኔ? የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ
ዘንድሮ ክበባችን መንታ መንገድ ያለው ታሪክ ሲጽፍ ከረመ። አንባቢው አንድ ገጽ ያነብና ይመርጣል፤ ታሪኩም በመረጠው በኩል ይሄዳል። የሠራንበት ትዋይን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ክሪስ ክሊማስ በ2009 እ.ኤ.አ. የሠራው። አንድን ሐረግ ድርብ አራት ማዕዘን ቅንፍ [[ ]] ውስጥ ስታስገቡት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ይሆናል። ለመጀመር ከዚህ ብዙ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ግን በወረቀት ሞከርነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ ዓሣ ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ ብሩን ይጥላል። ልጆቹ በየገጹ ሁለት ምርጫ ይኑር አሉ። ይሁን አልኳቸው። አምስተኛው ምርጫ ላይ ሲደርሱ 32 መጨረሻ፣ በድምሩ 63 ገጽ ሆነባቸው። መንገዶቹን መልሶ ማገናኘት ያኔ ገባቸው። በባጃጅም ይኬድ በእግር፣ ዞሮ ዞሮ ቤት ገብቶ እናት ፊት መቆም አይቀርም።

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን በሰዋስው ላይ ነበር። ታሪኩ አንባቢውን እያናገረ ነው የሚሄደው፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል፣ በ«you»፣ ወንዱንም ሴቷንም ይጠራል። እኛ «ትሄዳለህ» ስንል ግን ግማሹን አንባቢ በር ላይ ተውነው። «ብር የሚጥለው ወንድ ብቻ ነው እንዴ?» አለች አንዷ። እውነቷን ነው። መጀመሪያ ገጽ ላይ ጾታ እንጠይቅ ተባለ፤ ያ ደግሞ ግሡን ሁሉ ሁለት ሁለቴ መጻፍ ሊሆን ነው። «እርስዎ»ን ሞከርን። ዓሣ ሊገዛ የተላከ ልጅን አንቱ ማለት! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መላውን ያመጣችው ያችው ልጅ ናት፦ በ«እኔ» እንጻፍ። «ሄድኩ» ወንድም ሴትም አይልም። ምርጫዎቹም «ልንገራት?»፣ «ልዋሽ?» ሆኑ፤ ሰው ለራሱ እንደሚያወራው። ዓሣ ሻጩ ሲያናግረንስ? «የኔ ልጅ፣ ስንት ይሁን?» አስባልነው። ስንት ዓመት ሰዋስው ሳስተምር ይህ ታይቶኝ አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ ሁለት ታሪክ ጠፋብን። ትዋይንን በብሮውዘር ከከፈታችሁት ሥራችሁ የሚቀመጠው እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፤ እሱ ሲጸዳ አብሮ ይጠፋል። በፍላሽ ቅዱ አላልኳቸውም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አንደኛው እንደ አዲስ ተጻፈ፣ የሁለተኛው ባለቤት ግን አኩርፎ ወደ ስፖርት ክበብ ሄደ።

ያለቀ ታሪክ አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ ለወላጆች ቀን በቴሌግራም ላክነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። አንድ አባት ስልካቸው ላይ እያነበቡ እናትየዋ ጋ ደረሱና «ልዋሽ»ን ነኩ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች። ቀና ብለው አዩዋትና ቶሎ ወደ ኋላ ተመለሱ።