ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደሴ

ጉዳዩ፦ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትን ይመለከታል

እንደምን ሰነበታችሁ?

የእንግሊዝኛ ፈተናው ወረቀት ከተመለሰ ወዲህ ቢሮዬ ከወላጅ ተለይቶ አያውቅም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጄ ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን የሚባሉት የአነጋገር ዘይቤዎች ምን እንደሆኑ ሲሸመድድ አምሽቶ ነው የገባው፤ ለምን ተቀነሰበት?»

መሸምደዱንስ ሸምድዷል። የአንዷን ተማሪ ወረቀት ከእናቷ ጋር ሆነን አየነው። የሜታፎርን ፍቺ ከደብተሯ ላይ እንዳለ አስፍራዋለች፣ ኮማ እንኳ አልጎደለም። ከሥሩ ያለው ጥያቄ፣ ከምንባቡ አንድ ሜታፎር አውጪ የሚለው፣ ባዶ ነው። እኔም በአማርኛ «የጦሳ ተራራ ጠዋት ጉም ሲወርድበት ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ይመስላል» አለች፣ ቅጽበት ሳትቆይ።

ይሄ ሲሚሊ ነው፤ በአማርኛ ትምህርት ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚሉት። «እንደ» ወይም «ይመስላል» ካለበት ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ «ላይክ» እና «አዝ» ናቸው። «ይመስላል»ን አውጥተን «ጦሳ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ነው» ካልን ተለዋጭ፣ ማለትም ሜታፎር ሆነ። «ጦሳ ዛሬ አኩርፏል» ብለን እንደ ሰው ብናስኮርፈው ደግሞ ሰውኛ፣ ማለትም ፐርሶኒፊኬሽን። እናቷ ሳቁና «ይሄን ማ አጥቶት!» አሉ። (ሰምና ወርቅን ግን ሜታፎር ነው ብለው የጻፉ አሉ። እሱስ አንዱን ቃል ለሁለት ፍቺ ማዋል ስለሆነ፣ እንግሊዞች «ፐን» ለሚሉት ይቀርባል።)

ሰዋስው ላይ ደግሞ ልጆቹን የሚያሳስታቸው አማርኛቸው ነው። «ትናንት ገበያ ሄጃለሁ» ብንል ማንም አያርመንም። ልጆቹ ይህንኑ ይዘው «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዘ ማርኬት የስተርደይ» ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ ግን «ትናንት» ብሎ ያለፈ ቀን ከጠራ «ሃቭ»ን አያስጠጋም፤ «አይ ዌንት» ብቻ ነው የሚለው። «መጣች» ስንልም «እሷ» ግሱ ውስጥ ተሰፍታለች፤ በእንግሊዝኛ «ሺ» ተለይታ ካልተጻፈች ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። እነዚህን ስህተቶች ስታዩ ልጁን ሰነፍ አትበሉት።

ጥፋቱ የእኛም ነው። እኔ ራሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ለዓመታት «ፍቺውን ጻፉ» እያልኩ ፈትኛለሁ፤ ለማረም ይቀላላ! ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከፈተናችን ወጥቷል። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃቸው፤ እዚያ ሽምደዳ ሩቅ አያስኬድም።

እንግሊዝኛ የማታውቁ ወላጆች አብሽሩ። ማታ ቡና ሲፈላ ልጁ ያነበባትን አንዲት አንቀጽ በአማርኛ ይተርክላችሁ፤ ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ። «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከተንተባተበ አልገባውም ማለት ነው፣ መልሶ ያንብበው። አስጠኚ የቀጠራችሁም የፍቺ ዝርዝር እያስጠና ከሆነ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

የፈተናው ወረቀት ተፈርሞበት ሰኞ በልጁ እጅ ይመለስ። ቅሬታ ያለው ወላጅ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የእንግሊዝኛ መምህራኑን ያገኛል። ልጁንም ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀቱን የምናየው እሱ ባለበት ነው።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህሩ